ዳኛ ያጣ ምርጫ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚያመራው አውራ ጎዳና ባኮ ከመድረሱ አስቀድሞ እጃጂን ያገኛል። እጃጂ በምዕራብ ሸዋ የኢሉ ገላን ወረዳ መቀመጫ ናት። የሩቅ መንገደኛ የሚያውቃት ሻይ ጠጥቶባት፣ የመኪናውን ጎማ አስነፍቶባት የሚያልፍባት ከተማ መሆኗን ብቻ ነው። የአካባቢው ስም በታሪክ ተመራማሪዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣው ግን በጎዳናው ምክንያት አይደለም፤ በዚያው ወረዳ በሚገኘው በኦዳ ቢሲል ምክንያት ነው።

ኦዳ ቢሲል ከአምስቱ ታላላቅ የኦሮሞ የገዳ ማእከሎች አንዱ ሲሆን፣ የሜጫ ኦሮሞ ጨፌ የሚሰበሰብበት፣ ሕግ የሚደነገግበትና መሪ የሚሠየምበት ስፍራ ነበር። የቃል ታሪክ የሕጉን አደነጋገግ ከማኮ ቢሊ ስም ጋር አያይዞ ያወሳዋል። ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገሩ ግን የዛፉ ዕድሜ ወይም የሸንጎው ግርማ ሳይሆን፣ ሥልጣን መስጠትና ሥልጣንን መዳኘት በአንድ ጥላ ሥር ይውሉ የነበሩ መሆናቸው ነው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ በቦረና ኦሮሞ መካከል ባካሄዱት ጥናት እንዳስረዱት፣ ለስምንት ዓመት የተሾመ አባ ገዳ ቢያጠፋ ጉባኤው ከወንበሩ ነቅሎ ሊያወርደው ይችላል። ይህ ሥርዓት «ቡቂሱ» ይባላል። እንግዲህ ተመራጩ በተመረጠበት ዕለት ከዳኝነት በላይ አልወጣም ማለት ነው።

በሰሜኑና በመካከለኛው የሀገራችን ክፍል የነበረው የሙግት ልማድም የራሱ መልክ ይኑረው እንጂ ከዚሁ አሳብ የራቀ አልነበረም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው አንዱ «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደሆነ ሌላው እጁን መሰብሰብ ነበረበት። አላፊ አግዳሚው ዳኛ ሆኖ ይቀመጥላቸዋል፤ ነገሩ ከእርሱ አቅም በላይ ከሆነ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ሹሙ ችሎት ይጓዛሉ። ይህን ስንል የጥንቱ ችሎት ሁሉ ርቱዕ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ጉቦውም፣ አድልዎውም፣ የደጅ ጥናቱም ብዛት የተመሰከረለት ነው። ይሁን እንጂ ባላጋራን ከማጥፋት ይልቅ ከእርሱ ጋር ተቆራኝቶ ወደ ሦስተኛ ሰው መሄድ የሚባል ነገር በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ ጸንቶ ይኖር ነበር።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ከእነዚህ ልማዶች የተወለዱ ወጣቶች ከሀገሪቱ ማእዘናት ሁሉ ተሰባስበው በስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የራሳቸውን መሪዎች በምሥጢር ድምፅ መምረጥ ጀመሩ። ምርጫውን አገኙ፤ ሦስተኛውን ሰው ግን አላገኙትም። በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. የሆነውን ለመረዳት መነሻው ይህ ይመስላል።

የግቢውን ነገር አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል። በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1954 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱም የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወቅት፣ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች የተገደሉት በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ስለዚህ ተማሪዎቹ የድምፅ መስጫ ሣጥናቸውን ያኖሩበት መሬት የሥልጣንን ጥያቄ ቀድሞ የቀመሰ መሬት ነበር።

ዩኒቨርሲቲው በነጋሪት ጋዜጣ በወጣ ቻርተር የተቋቋመ፣ በወረቀት ደረጃ የራሱ አስተዳደር ያለው ተቋም ነው። ቻንስለሩ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1961 ዓ.ም. ድረስ ፕሬዚዳንት ሆነው የመሩት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያምም የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ያገቡ ሰው ናቸው። ይህ የሚጠቀሰው ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም፤ አንድ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ላይ ቅሬታ ቢያድርበት አቤቱታው ደረጃ በደረጃ ሲወጣ የሚያርፍበት ደጃፍ የት እንደ ነበረ ለማመልከት ነው።

በዚያው ዘመን ሀገሪቱ በሕግ መጻሕፍት ረገድ ፈጽሞ ድኻ አልነበረችም። ይልቁንም ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም. ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ የወንጀለኛ መቅጫው፣ የፍትሐ ብሔሩ፣ የንግዱ፣ የወንጀልና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቶቹ ሕጎች ተከታትለው ታውጀዋል። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ404ኛው አንቀጽ ጀምሮ ስለ ማኅበራት ሰፊ ክፍል አለው፤ ስለ መተዳደሪያ ደንብ፣ ስለ አባላት፣ ስለ ሥራ መሪዎችና ስለ ጠቅላላ ጉባኤ ይደነግጋል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በ45ኛው አንቀጽ ያለ ጦር መሣሪያ በሰላም መሰብሰብን፣ በ47ኛው አንቀጽ ማኅበር ማቋቋምን «በሕግ መሠረት» ፈቅዶ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን 62ኛው አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ ሁለት ክፍል አለው። በሁለተኛው ክፍል፣ በሀገሪቱ የሚኖር ማንኛውም ሰው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሕገ ወጥ ሥራው ከፍ ያለ ጉዳት ቢያደርስበት በፍርድ ቤት ሊከሰው ይችላል ይላል። በመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱን ለመክሰስ ማንም መብት የለውም ይላል። ሁለቱን ክፍሎች አንድ ላይ ያነበበ የሕግ ተማሪ ጥያቄውን ራሱ መጨረስ ይችላል። ሚኒስቴሩ ይከሰሳል፤ ሚኒስቴሩን የሾመው አይከሰስም። ዩኒቨርሲቲውስ? ቻንስለሩ የማይከሰስ ሲሆን፣ የመጨረሻው ይግባኝም በዙፋን ችሎት ከእርሱው ፊት የሚቀርብ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲውን የከሰሰ ተማሪ የት ይቆማል? ጥያቄው የቀልድ ይምሰል እንጂ የሕግ ፋኩልቲው በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት በዚያው ግቢ ውስጥ፣ በአሜሪካዊው ዲን በጄምስ ፖል መሪነት፣ የአስተዳደር ሕግ ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል ነበር። መምህራኑ ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲው በተመሠረተበት እ.ኤ.አ. በ1961 አንድ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የአላባማ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪዎቹን ጥፋታቸውን ሳይነግርና ቃላቸውን ሳይሰማ ማባረር አይችልም ብሎ መፍረዱን የሚያውቁ ነበሩ። ከጥቁር ሰሌዳው እስከ ሬጅስትራሩ ቢሮ ያለው ርቀት በእግር ሲለካ ጥቂት ነው፤ በሕግ ሲለካ ግን እጅግ ሩቅ ነበር።

በዚህ ላይ መንግሥት የማኅበራትን ጉዳይ ከፍርድ ቤት ይልቅ ለፖሊስ ወደ ቀረበው መሥሪያ ቤት አዛወረው። በ1959 ዓ.ም. በወጣው የማኅበራት ምዝገባ ደንብ ቁጥር 321 መሠረት መዝጋቢው የአገር ግዛት ሚኒስቴር ሆነ። በዚያው ዓመት ሰላማዊ ሰልፍን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 243 ታወጀ፤ ሰልፍ በፈቃድ ሆነ። ተማሪዎቹም በሚያዝያ ወር አዋጁን ተቃውመው ሲነሡ ፖሊስ ግቢያቸውን ጥሶ ገባ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድነት፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ዩሱአ» ተብሎ የሚታወቀው ማኅበር፣ የተቋቋመው በዚሁ በ1959 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ግቢ የየራሱ ማኅበር ነበረው። ከ1957ቱ «መሬት ላራሹ» ሰልፍ ወዲህ ግን ጥያቄው ከምግብ ቤትና ከመኝታ ክፍል አልፎ የሀገር ጥያቄ ስለሆነ የተበታተኑት ማኅበራት በአንድ ጥላ ሥር መሰባሰብ አስፈልጓቸው ነበር። እዚህ ላይ የዘመኑን ሁኔታ ማስታወስ ይገባል። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎች በሕዝብ ድምፅ ይመረጡ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲ ግን አልነበረም፤ ዕጩው ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር፤ የምርጫ ክርክር ማለትም የባላባቱና የነጋዴው የዝምድና ቆጠራ ነበር። ስለሆነም ኢትዮጵያዊ ሰው ሁለት ዕጩዎች በአሳብ ተለያይተው፣ በአደባባይ ተከራክረው፣ በድምፅ ሲቆጠሩ የሚያይበት አደባባይ ቢፈለግ ከስድስት ኪሎ ግቢ ሌላ ብዙ አይገኝም ነበር።

ኪነ ጥበብ ወዳድ የሆነ አንባቢ የዚያ ዘመን ተማሪዎች የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር መድረክ እንደ ነበራቸው ያስታውሳል። የታምሩ ፈይሣ «ደሀው ይናገራል» የተሰማው በዚያ መድረክ ነው። ለግጥሙ ውድድር የሚቀመጡ ዳኞች ነበሩ። ማን ሀገር እንዲናገርለት ለመምረጥ ለሚደረገው ውድድር ግን እንደዚያ ያለ ገለልተኛ ወንበር አልተዘረጋም። ማኅበሩ የራሱ ጉባኤ ነበረው፤ ከማኅበሩ ውጭ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው፣ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ሚኒስቴሩ፣ ከሚኒስቴሩ በላይ ዙፋኑ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል በተማሪው ዓይን ወገንተኛ ያልሆነ አንድም አልነበረም።

በኅዳር 1961 ዓ.ም. ለማኅበሩ ፕሬዚዳንትነት ጥላሁን ግዛውና መኮንን ቢሻው ተወዳደሩ። ጥላሁን ከተራማጁ ጎራ የወጣ፣ አንደበቱ የሚፈራ ወጣት ሲሆን መኮንን ለዘብ ያለ አቋም ያላቸው ተማሪዎች ዕጩ ተደርጎ ይታይ ነበር። በጠባብ የድምፅ ልዩነት መኮንን አሸነፈ።

የዚህ ምርጫ ጭቅጭቅ የተነሣው ከቆጠራው ይልቅ ከቅስቀሳው ነው። ጥላሁን በአባቱ ወገን የልዕልት ሣራ ግዛው፣ የሐረሩ መስፍን የልዑል መኮንን ባለቤት፣ ወንድም ነበር። ትውልዱ ከትግራይ ነው። በዘመኑ የነበሩ ተሳታፊዎች በኋላ እንደ ጻፉትና እንደ ተናገሩት፣ እርሱን ለመጣል ከአሳቡ ይልቅ ትውልዱና የቤተሰቡ ስም በሹክሹክታ ውሎ ነበር። መሬት ላራሹ የሚል ወጣት «የመኳንንት ልጅ» ተብሎ ተነቀፈ፤ የጭቁን ሕዝቦች አንድነት የሚል ወጣት በዘሩ ተቆጠረ። እንዲህ ያለው ቅስቀሳ በየትኛውም ዘመን የምርጫ ክርክር ሥር ነው። ድምፅ መስረቅ በቆጠራ ሊጋለጥ ይችላል፤ ሹክሹክታን ግን ቆጠራ አያጋልጠውም። ለዚህ የሚያስፈልገው ምስክር የሚጠራ፣ ቃል የሚያስመዘግብ፣ «ይህ ተፈቅዷል፣ ያ ክልክል ነው» ብሎ ለሚቀጥለው ምርጫ ድንበር የሚያሰምር ዳኛ ነው። ይህ ስላልነበረ የተሸናፊው ወገን ቁጭት ሳይሰማ፣ የአሸናፊው ወገንም ንጽሕና ሳይመሰከርለት ሁለቱም ወደ ሚቀጥለው ዓመት ተሻገሩ።

ያ ዓመት ደግሞ የዕረፍት ዓመት አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. አጋማሽ አድማው ከዩኒቨርሲቲው አልፎ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዛመተ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያስተምሩ የሚያስገድደው የአገልግሎት ፕሮግራም የግቢውን ቋንቋ ወደ ትንንሽ ከተሞች አድርሶት ነበር። በዚያን ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችውና ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ ትምህርት ቤት የነበራት አምቦም ሆነች በዚያው ጎዳና ላይ ያሉ ከተሞች የስድስት ኪሎን ወሬ የሚሰሙት ከጋዜጣ ሳይሆን ከመምህራቸው አፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ በነሐሴ ወር ብርሃነ መስቀል ረዳና ጓደኞቹ አውሮፕላን ጠልፈው ወደ ሱዳን ሄዱ። ከተሰደዱትና ከታሰሩት የተረፈው ኃይል ደግሞ በኅዳር 1962 ዓ.ም. እንደገና ወደ ድምፅ መስጫው ሣጥን ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ጥላሁን ግዛው አሸነፈ።

በኅዳር 8 ቀን «ትግል» በተባለችው የማኅበሩ መጽሔት ላይ የዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ ወጣ። ያለፈውን ዓመት ሹክሹክታ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ጽሑፍ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በምርጫ ጓዳ በስውር የተነገረው ነገር በዓመቱ በአደባባይ፣ በንድፈ አሳብ ቋንቋ ተገለጠ። ጽሑፉ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላበቃም። ይሁንና ከመነሻዎቹ አንዱ ሳይዳኝ የቀረው የምርጫ ቅሬታ ነው ብሎ መገመት ስሕተት አይመስልም።

መንግሥት ምርጫውንም መጽሔቱንም አልወደደም። በራድዮና በጋዜጣ ዘመቻ ተከፈተ። በታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ ጥላሁን ግዛው በአፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመታ፤ ሞተም። በማግሥቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ከሆስፒታል ወስደው ወደ ስድስት ኪሎ ግቢ አመጡ። የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢውን ወረሩ፤ ሌሎችም ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ፤ ብዙዎችም ታሰሩ። ማኅበሩ ታገደ። ዘውዳዊው አገዛዝ እስከ ወደቀበት ዕለት ድረስ ለዚያ ግድያ በፍርድ ቤት ተጠያቂ የሆነ ሰው አልነበረም። የተመረጠው ፕሬዚዳንት በወንበሩ ላይ የቆየው ሁለት ወር ያህል እንኳ አይሞላም።

ጥፋቱን ሁሉ በዙፋኑ ላይ ጥሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የታሪክ ሚዛን ግን ይህን አይፈቅድም። ተራማጁ ወጣት ራሱ ዳኛን ይንቅ ነበር። ፍርድ ቤት በእርሱ ዓይን የገዢው መደብ መሣሪያ ነው፤ ሙግት የባላባት ጨዋታ ነው፤ ይግባኝም የደጅ ጥናት ሌላ ስሙ ነው። በዚያን ጊዜ ከነበረው ችሎት አንጻር ይህ ንቀት መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ንቀቱ መጥፎውን ዳኛ ብቻ ሳይሆን የዳኝነትን አሳብ ጭምር ይዞ ሄደ። ለዚህ ማስረጃው የሚገኘው ከንጉሠ ነገሥቱ ፖሊስ እጅ ውጭ በነበሩት ተማሪዎች ዘንድ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በነሐሴ 1963 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ 19ኛ ጉባኤውን ሲያደርግ በብሔረሰቦች ጥያቄና በአመራር ጉዳይ ተከፈለ። በዚያ ከተማ የሚያስፈራ ክብር ዘበኛ አልነበረም፤ ፍርድ ቤቱም ቢሆን ከቤተ መንግሥት የማይታዘዝ ነበር። ሆኖም የጉባኤውን ውጤት ለሦስተኛ ወገን አቅርቦ «ብዙኃኑ ማነው?» ብሎ ማስቆጠር ለአንደኛውም ወገን የሚታሰብ ነገር አልሆነም። እያንዳንዱ ወገን እውነተኛው ማኅበር እኔ ነኝ አለ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከዚሁ እንቅስቃሴ የወጡት የኢሕአፓና የመኢሶን መሪዎች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በተቃራኒ ወገን ተሰለፉ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በደረሰው እልቂት ዋናው ተጠያቂ መንግሥታዊውን የግድያ መሣሪያ የያዘው ደርግ ነው። ያም ሆኖ አብረው ዕቁብ የጣሉ፣ በአንድ ሳህን የበሉ፣ በአንድ ሣጥን ድምፅ የሰጡ ሰዎች እስከዚያ መድረሳቸው በብዙዎች ትዝታ ውስጥ የሚያቃጥል ጥያቄ ሆኖ ቀርቷል። ያ ትውልድ መሸነፍን ሲማር ዕድል አልገጠመውም። በግቢው ውስጥ የተሸነፈ ሰው ነገ አሸንፎ ሊመለስ እንደሚችል የሚያረጋግጥለት፣ ያሸነፈም ሰው ነገ እንደሚጠየቅ የሚነግረው ችሎት አላየም።

የሌሎች ሀገሮች ልምድ እንደሚያሳየው ነገሩ የኢትዮጵያውያን ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር የዩኒቨርሲቲዎች የውስጥ ጠብ ለዘመናት በመደበኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን «ጎብኚ» በሚባል የበላይ ጠባቂ ይዳኝ ነበር። ጎብኚው ብዙ ጊዜ ዘውዱ ወይም ጳጳስ ነው። ከላይ ሲታይ ከእኛ ቻንስለር ጋር የሚመሳሰል ይመስላል፤ ልዩነቱ የዘውዱን ጉብኝት በተግባር የሚፈጽሙት የሕግ ሊቃውንት መሆናቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርት ሕግ ደግሞ የተማሪ ማኅበራት ዋና ዋና ሹመቶች በምሥጢር ድምፅ እንዲያዙ፣ የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ምርጫው በሐቅ መካሄዱን እንዲያረጋግጥና የተማሪን አቤቱታ የሚመረምር ነጻ ሰው እንዲኖር አስገደደ። በሕንድ ጠቡ ደም እስከ ማፍሰስ ስለ ደረሰ ነገሩ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ። የቀድሞው የምርጫ ኮሚሽን ሰብሳቢ ሊንግዶህ የመሩት ኮሚቴ ያቀረበውን አሳብ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 ተቀብሎ በመላው ሀገሪቱ እንዲሠራበት አዘዘ። የአንድ ዕጩ የቅስቀሳ ወጪ ከ5,000 ሩፒ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በየዩኒቨርሲቲው የቅሬታ ሰሚ ክፍል እንዲቋቋም ታዘዘ። ይህ ሁሉ ደንብ የሕንድን ግቢዎች ከጠብ ፈጽሞ አላጸዳቸውም። ነገር ግን ተሸናፊው የት እንደሚሄድ ያውቃል።

በኢትዮጵያ ከ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በኋላ የተማሪ ማኅበር የሚለው ስም በመንግሥት በተቋቋሙ የብዙኃን ማኅበራት ተተካ፤ ምርጫው ስሙ ይቅር እንጂ ፉክክሩ ጠፋ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላም ነገሩ በአንድ ጊዜ አልቀናም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያነሡት ጥያቄ ሲታይ ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረውን ያስታውሳል፤ የተማሪው ጋዜጣ ይመለስ፤ የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፤ ሁለት የአስተዳደር ሰዎች ይነሡ የሚል ነበር። ይህም በጥይትና በእስር ተፈጸመ።

በሕግ ረገድ ግን የ1948ቱ ሕገ መንግሥት 62ኛ አንቀጽ የዘጋው በር ተከፍቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ37ኛው አንቀጽ በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የዳኝነት ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብን የማንኛውም ሰው መብት አደረገው፤ ከዚህ በላይ የማይከሰስ ቻንስለር የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ደግሞ የአስተዳደር ተቋማት ውሳኔ በፍርድ ቤት የሚከለስበትን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሰነድ አሰባስቦ ደነገገ። የተማሪዎች ማኅበር ራሱ የአስተዳደር ተቋም አይደለም። ስለዚህ በምርጫ ተበደልኩ የሚል ተማሪ በዚህ አዋጅ ለመጠቀም ቢፈልግ ክሱን በጓደኛው ላይ ሳይሆን ውጤቱን ባጸደቀው ወይም አቤቱታውን ባልሰማው ዩኒቨርሲቲ ላይ ማቅናት ይኖርበታል።

ከእጃጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በ2003 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሆነው ወደ አምቦ የሚገባ ወጣት ይህን መንገድ ለመሄድ ቢነሣ በመጀመሪያ የሚገጥመው እንቅፋት የሕግ አይደለም። የተማሪ መሪነት ዘመን እንደ ትምህርት ዘመኑ አጭር ነው፤ የችሎት ቀጠሮ ግን በክረምት ይቋረጣል፤ መዝገብ ከዳኛ ወደ ዳኛ ይዛወራል፤ ይግባኝም የራሱ ወራት አሉት። ፍርዱ ሲነበብ ተከሳሹ ፕሬዚዳንት ተመርቆ ሥራ ይዟል፤ ከሳሹም የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ ላይብረሪ ተቀምጧል።